መጀመሪያ ሙቀቱን ለኩ፦ ስለ ኦቨርክሎክ ለወጣው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን በቴሌግራም ሲዘዋወር የከረመ አንድ ጽሑፍ አለ። የዴስክቶፕ ፕሮሰሰርን እንዴት ኦቨርክሎክ እንደምናደርግ፣ ማለትም ፋብሪካው ከወሰነለት ፍጥነት በላይ እንዴት እንደምናስኬደው ለጀማሪ ያስተምራል። ለአዲስ አበባ ሰው ተብሎ የተጻፈ ነው። እንዲህ ያለውን ነገር በአማርኛ የሚጽፍ ሰው ጥቂት ስለሆነ ጸሐፊውን አመሰግናለሁ። ግን ምክሩን እንዳለ ተከትለው ማሽናቸውን ችግር ውስጥ የከተቱ ሰዎች ገጥመውኛል። ዝም ማለት አልቻልኩም።

ጽሑፉ ባጭሩ እንዲህ ይላል። ማንኛውም ዴስክቶፕ ኦቨርክሎክ ይደረጋል። ባዮስ (ማሽኑ ሲነሳ ከዊንዶውስ በፊት የሚሠራው የማዘርቦርዱ ፕሮግራም) ውስጥ ገብታችሁ ቮልቴጁን 1.40፣ መልቲፕላየሩን (መነሻው 100 ሜጋኸርዝ የሚባዛበትን ቁጥር) 48 አድርጉት። አዲስ አበባ ቀዝቃዛ ስለሆነች የተሻለ ማቀዝቀዣ መግዛት አያስፈልግም። ሙቀቱን ባዮሱ ላይ እዩ፤ ከ100 ዲግሪ በታች ከሆነ አትጨነቁ። ዊንዶውስ ከተነሳና አንድ ጌም ካጫወተ ሥራው አልቋል። የቪዲዮ ኤክስፖርት ሰዓት በግማሽ ይቀንሳል። ችግር ከመጣ የማዘርቦርዱን ባትሪ ነቅሎ መመለስ ነው።

በየተራ እንያቸው።

«ማንኛውም ዴስክቶፕ» የሚለው ትክክል አይደለም። ከስታዲየም እስከ ፒያሳ ባሉ ቢሮዎችና ስቱዲዮዎች በብዛት የምናየው ማሽን ከውጭ ዩዝድ ሆኖ የገባ ዴል ኦፕቲፕሌክስ ወይም ኤችፒ ኤሊትዴስክ ነው። ጠንካራ ማሽኖች ናቸው፤ አልነቅፋቸውም። ግን ለመሥሪያ ቤት ታስበው የተሠሩ ናቸው። አብዛኞቹ ባዮሳቸው ውስጥ መልቲፕላየር መቀየሪያ የሚባል ነገር የላቸውም፤ ፕሮሰሰሩም የተቆለፈ ነው። ትንንሾቹ ደግሞ ፓወር ሰፕላያቸው ከ180 እስከ 250 ዋት ገደማ ስለሆነ ተጨማሪ ጭነት የሚሸከሙበት ትርፍ አቅም የላቸውም።

ኢንቴል ላይ ሁለት ነገር አብሮ መገኘት አለበት። አንደኛ፣ ፕሮሰሰሩ ስሙ ላይ ከቁጥሩ ቀጥሎ «ኬ» ይኑረው፤ 8700 እና 8700ኬ በዚህ ጉዳይ የተለያዩ ናቸው። ሁለተኛ፣ ማዘርቦርዱ እንደ ዜድ370 ወይም ዜድ690 ያለ የዜድ ቺፕሴት (ቦርዱ ምን እንደሚፈቅድ የሚወስነው ዋና ቺፕ) ይሁን። ኤኤምዲ በዚህ በኩል ለቀቅ ያለ ነው። የራይዘን ፕሮሰሰሮች ጥቂቶቹ ሲቀሩ ክፍት ናቸው። ቦርዱ ቢ450 ወይም ቢ550 ከሆነ ይሄዳል፤ ኤ320 ወይም ኤ520 ከሆነ አይሄድም። ይህን ሁሉ ለማወቅ ኬዙን መክፈት አያስፈልግም። ሲፒዩ-ዜድ የምትባለውን ነጻ ፕሮግራም ጫኑ። የመጀመሪያው ገጽ የፕሮሰሰሩን ስም፣ የማዘርቦርዱ ገጽ ደግሞ ቺፕሴቱን ይነግራችኋል።

«ማንኛውም» የሚለው አነጋገር ከየት እንደመጣ ይገባኛል። ድሮ እንዲያ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣው ሴለሮን 300ኤ መልቲፕላየሩ ቢቆለፍም የባሱን (መልቲፕላየሩ የሚያባዛውን መነሻ) ፍጥነት ከ66 ወደ 100 ሜጋኸርዝ በማሳደግ ብቻ ከ300 ወደ 450 ሜጋኸርዝ ይዘል ነበር። የብዙ ሰው የኦቨርክሎክ ፍቅር የጀመረው እዚያ ነው። ኢንቴል ግን እ.ኤ.አ. በ2011 ሁለተኛውን ትውልድ ኮር ሲያወጣ ያንን በር ከሞላ ጎደል ዘግቶታል።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ፤ 1.40 ቮልት እና 48፣ ማለትም 4.8 ጊጋኸርዝ። ከሁሉ በላይ ያሳሰበኝ ይህ ምክር ነው። ለምን 1.40 እንደሆነ፣ ለየትኛው ፕሮሰሰር እንደሆነ አንድም ቃል የለም። አንድ ዓይነት ስም ያላቸው ሁለት ፕሮሰሰሮች እንኳ እኩል አይሄዱም። አንዱ 4.8 ጊጋኸርዝን በ1.28 ቮልት ይይዛል፣ ሌላው 1.38 ይጠይቃል። የሰው ቁጥር ገልብጦ ማስገባት ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው።

ስሌቱን አብረን እንየው። ፕሮሰሰር የሚያወጣው ሙቀት ከፍጥነቱ ጋር እኩል ያድጋል። ከቮልቴጁ ጋር ግን በራሱ ተባዝቶ ነው የሚያድገው። የፋብሪካ ቮልቴጁ በጭነት ላይ 1.20 የሆነ 8700ኬ እንውሰድ። ስድስቱም ኮሮች (የፕሮሰሰሩ የሥራ ክፍሎች) ሲሠሩ 4.3 ጊጋኸርዝ ይሄዳል። ፍጥነቱን ወደ 4.8 ስናደርሰው የምናገኘው ጭማሪ 12 በመቶ ገደማ ነው። ቮልቴጁን ከ1.20 ወደ 1.40 ስናደርሰው ግን እሱ ብቻውን ሙቀቱን በ36 በመቶ ይጨምረዋል። ሁለቱ ሲባዙ 52 በመቶ ይሆናል። 95 ዋት ይበላ የነበረው 144 ዋት ይበላል ማለት ነው። ለ12 በመቶ ፍጥነት ግማሽ ያህል ተጨማሪ እሳት።

ወደ ዲግሪ እንቀይረው። ክፍሉ 24 ዲግሪ ነው እንበል፤ ፕሮሰሰሩ በፋብሪካ ሁኔታው በሙሉ ጭነት 70 ዲግሪ ይደርሳል። ከክፍሉ በላይ 46 ዲግሪ ወጣ ማለት ነው። ማቀዝቀዣው ሳይቀየር ዋቱ በ52 በመቶ ሲጨምር ያቺ 46 ወደ 70 ትጠጋለች። 24 ስንጨምርባት 94። በበጋ ከሰዓት፣ ሁለት ሦስት ማሽን በሚሠራበት ጠባብ ክፍል ውስጥ አየሩ 30 ሲደርስ ደግሞ 100። እሱ ለ8700ኬ የመጨረሻው ጣሪያ ነው። ይህንን ሒሳብ ማንኛውም ሰው በስልኩ ካልኩሌተር ባዮስ ሳይከፍት ሊሠራው ይችላል። ግን አንድ ነገር አስቀድሞ መለካት አለበት፤ ያቺን 70። ለዚህ ነው ኦቨርክሎክ ከቮልቴጅ ሳይሆን ከሙቀት ልኬት ይጀመር የምለው።

ቮልቴጅ ራሱ ቺፑን አይጎዳም የሚል ሰው ካለ ደግሞ በቅርብ ዓመታት የሆነውን ያስታውስ። እ.ኤ.አ. በ2023 አንዳንድ የራይዘን 7000 ፕሮሰሰሮች፣ በተለይ ኤክስ3ዲ የተባሉት፣ ከነሶኬታቸው ተቃጥለው ተገኙ። ኤኤምዲ የሶሲ ቮልቴጁ (ከኮሮቹ ውጭ ላለው የፕሮሰሰሩ ክፍል የሚሄደው) ከ1.30 እንዳያልፍ በባዮስ ማሻሻያ ገደብ አደረገበት። በ2024 ደግሞ ኢንቴል የ13ኛና የ14ኛ ትውልድ ዴስክቶፕ ፕሮሰሰሮቹ ከሚገባው በላይ ቮልቴጅ እየጠየቁ ቀስ በቀስ እንደሚጎዱ አምኖ ማይክሮኮድ (የፕሮሰሰሩን የውስጥ አሠራር የሚያርም ማሻሻያ) አወጣ፤ ዋስትናቸውንም በሁለት ዓመት አራዘመ። ከእነዚህ ብዙዎቹ ሰው ቮልቴጃቸውን በእጅ ሳይነካ የተጎዱ ናቸው። እዚህ አገር ደግሞ ዩዝድ ለገዛነው ፕሮሰሰር ዋስትና የሚሰጠን የለም።

ሦስተኛው የአየር ጉዳይ ነው። አዲስ አበባ ቀዝቃዛ ናት፤ እውነት ነው። በሞቃቶቹ ወራት እንኳ የቀኑ ከፍተኛ ሙቀት አብዛኛውን ጊዜ 25 ዲግሪ አካባቢ ነው። ጸሐፊው ግን ከፍታውን ረሱት። ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ነን። እዚህ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ የሆነው የአየሩ ግፊት ዝቅ ስላለ ነው። አየሩ ሳስቷል። ፋን ደግሞ የሚገፋው መጠን እንጂ ክብደት አይደለም። በደቂቃ ተመሳሳይ ዙር እየዞረ ባሕር ዳርቻ ላይ ካለ ፋን ጋር እኩል ሊትር አየር ይገፋል፤ በዚያ ሊትር ውስጥ ያለው አየር ግን ሩብ ያህል ያነሰ ነው። ሙቀቱን ተሸክሞ የሚወጣው ያ አየር ነው።

ይህ የእኔ ግምት አይደለም። የሰርቨር አምራቾች መመሪያ ላይ የታወቀ ደንብ አለ። ከ900 ሜትር ገደማ በላይ በየ300 ሜትሩ ከተፈቀደው የክፍል ሙቀት አንድ ዲግሪ ይቀነሳል። ለአዲስ አበባ ስናሰላው 5 ዲግሪ ነው። ስለዚህ ቀዝቃዛው አየር ከሚሰጠን ላይ የሳሳው አየር መልሶ ይወስዳል። ዩቲዩብ ላይ አንድ ሰው በዚህ ማቀዝቀዣ 78 ዲግሪ አገኘሁ ቢል እኛ እዚህ በዚያው ማቀዝቀዣ፣ በዚያው የክፍል ሙቀት ከዚያ በላይ ነው የምናገኘው። ጸሐፊው አያስፈልግም ያሉት የተሻለ ማቀዝቀዣ ለእኛ ይበልጥ ነው የሚያስፈልገው። አቧራውን ደግሞ ጨምሩበት። በየአቅጣጫው ግንባታ ባለበት መሐል ከተማ የሂትሲንክ (ፕሮሰሰሩ ላይ የሚቀመጠው ሙቀት አውጪ ብረት) ክንፍ ቶሎ ይደፈናል።

አሁን ስለ መለካቱ። «ባዮሱ ላይ እዩ» የሚለው ምክር ብዙ ሰው አሳስቷል። ባዮስ ውስጥ ስንሆን ፕሮሰሰሩ ሥራ የለውም። እዚያ የምናየው 42 ዲግሪ ኤክስፖርት ስናደርግ ስለሚሆነው ምንም አይነግረንም። ሙቀት የሚለካው በጭነት ላይ ነው።

አራት ኪሎ አካባቢ የሠርግ ቪዲዮ የምታቀናብር አንዲት ልጅ አለች። ማሽኗ ዜድ370 ቦርድ ላይ የተገጠመ 8700ኬ ነው፤ ጽሑፉ የሚለውን በትክክል አስገብታለች። ቅሬታዋ ግን ፍጥነት ነበር። «ሳልነካው ይሻለኝ ነበር፤ ኤክስፖርቱ ጭራሽ ዘገየ» አለችኝ። ኤችደብሊው ኢንፎ የሚባለውን ነጻ ፕሮግራም ከፈትን። ሲጀምር ሴንሰር ብቻ የሚለውን ምልክት እናደርጋለን። ረጅም ዝርዝር ይመጣል፤ በአራት ዓምድ የአሁኑን፣ ዝቅተኛውን፣ ከፍተኛውንና አማካዩን ያሳያል። በጎን ሲኒቤንች የሚባለውን፣ ፕሮሰሰሩን በሙሉ ጭነት የሚፈትነውን ፕሮግራም አስነሳን። የፕሮሰሰር ፓኬጅ ከሚለው መስመር ፊት ያለው ቁጥር ወዲያው ሽቅብ ተፈተለከ፤ 88፣ 95፣ 100። እዚያ ቆመ። ከፍ ብሎ ያለው የኮር ፍጥነት ደግሞ ከ4,800 ወደ 3,900 ሜጋኸርዝ ወረደ። ቴርማል ትሮትሊንግ ከሚለው መስመር ፊት «አይ» የነበረው «አዎ» ሆነ፤ በቀይ።

ነገሩ ይሄ ነው። ፕሮሰሰሩ 100 ሲነካ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። ቮልቴጁ ግን በእጅ 1.40 ላይ ስለተቸነከረ አይወርድም። ስለዚህ በ3.9 ጊጋኸርዝ እየሄደ የ1.40 ቮልት እሳት ያነዳል። ፋብሪካው ከሰጣት 4.3 በታች ወርዳ ነው ስትሠራ የነበረው። «ከ100 በታች ከሆነ አትጨነቁ» የሚለው ምክር ለዚህ አይሠራም። ፕሮሰሰሩ ራሱ ከ100 እንዲያልፍ ስለማይፈቅድ ቁጥሩ ሁልጊዜ ደህና ይመስላል።

ወደ ፋብሪካው መልሰን ስንለካው ያለምንም ኦቨርክሎክ 85 ነበር። ኬዙ ሲከፈት ምክንያቱ ታየ። ፋኑና ሂትሲንኩ መሐል ግራጫ አቧራ እንደ ጨርቅ ተነጥፏል። ሂትሲንኩ ሲነሳ ከፕሮሰሰሩ ወደ ሂትሲንኩ ሙቀት የሚያስተላልፈው ቴርማል ፔስት ደርቆ ጠርዙ ላይ ተሰነጣጥቋል። አቧራውን አራገፍን፣ አሮጌውን ፔስት በአልኮል ጠረግን፣ የምስር ፍሬ የምታህል አዲስ ፔስት መሐሉ ላይ አድርገን መለስነው። 70። አንድም ባዮስ ሳይነካ 15 ዲግሪ ወረደ። ከዚያ በኋላ ነው ኦቨርክሎክ ማውራት የተቻለው። ማሽኑ በመጨረሻ 4.6 ጊጋኸርዝ በ1.28 ቮልት ላይ ረጋ፤ ከፍተኛው ሙቀት 80።

እዚያ የሚደረሰው ቀስ በቀስ ነው። ቮልቴጁን በፋብሪካው መጠን አስቀምጡ። «ኦቶ» ላይ ግን አትተዉት፤ መልቲፕላየሩ ሲነሳ ብዙ ቦርዶች በኦቶ ከሚያስፈልገው በላይ ቮልቴጅ ይለቃሉ። መልቲፕላየሩን አንድ ደረጃ ከፍ አድርጉ፣ ፈትኑ፣ ከፍተኛውን ሙቀት ከክፍሉ ሙቀት ጋር ወረቀት ላይ ጻፉ። እንደገና አንድ ከፍ አድርጉ። ማሽኑ ሲወድቅ ብቻ ቮልቴጁን በ0.01 ወይም በ0.02 ጨምሩ። በፈተና ላይ 85 ዲግሪ ስትደርሱ ቁሙ። በአየር በሚቀዘቅዝ እንደ 8700ኬ ያለ ፕሮሰሰር እኔ ከ1.30 ብዙም አላልፍም።

ጣሪያው ለሁሉም 100 እንዳልሆነም ልብ በሉ። የራይዘን 5800ኤክስ 90 ነው፣ የ5600ኤክስ 95። ራይዘን 1700ኤክስ እና 1800ኤክስ ላይ ደግሞ አንዳንድ ፕሮግራም የሚያሳየው ቁጥር ሆን ተብሎ 20 ዲግሪ የተጨመረበት ነው። የየራሳችሁን ፕሮሰሰር ጣሪያ ከአምራቹ ገጽ ላይ እዩት። ራይዘን 5000 እና ከዚያ በላይ ላላችሁ፣ በእጅ አንድ ፍጥነት ከመቸንከር ፒቢኦ የሚባለውን፣ ፕሮሰሰሩ ራሱ እንደ ሙቀቱና እንደ ኃይሉ ፍጥነቱን ከፍ የሚያደርግበትን አሠራር መጠቀም ይሻላል። 5600ኤክስ በራሱ በአንድ ኮር 4.6 ይደርሳል። ሁሉንም ኮር 4.4 ላይ ብታስሩት ያንን ታጣላችሁ።

«ዊንዶውስ ከተነሳና ጌም ካጫወተ አለቀ» የሚለው ደግሞ ሥራ ላለው ሰው አደገኛ ነው። ብዙ ጌም ፕሮሰሰሩን ሙሉ በሙሉ አይጭነውም። ፕራይም95 የሚባለውን የፈተና ፕሮግራም አውርዱ፣ ሲከፈት ለፈተና ብቻ የሚለውን ምረጡ፣ ከዚያ ስሞል ኤፍኤፍቲ። ይህ ፈተና የሚያሰላውን ነገር መልስ አስቀድሞ ያውቀዋል። ፕሮሰሰሩ አንድ ቦታ ከተሳሳተ፣ ማጠጋጋቱ 0.5 ሆነ፣ ከ0.4 በታች ይጠበቅ ነበር የሚል መልእክት ጽፎ ያ ኮር ሥራውን ያቆማል። ማሽኑ ግን ሰማያዊ ስክሪን አላሳየም፣ ስታክም አላደረገም። ሙዚቃው እየተጫወተ ነው። ስህተቱ ግን ተፈጥሯል። ኤችደብሊው ኢንፎ ውስጥ መጨረሻ አካባቢ የዊንዶውስ ሃርድዌር ስህተቶችን የሚቆጥር መስመር አለ። እሱ ከዜሮ ካለፈ፣ ማሽኑ የቱንም ያህል ደህና ቢመስል፣ አልረጋም።

የሚያስፈራኝ ይህ ዓይነቱ ድምፅ የሌለው ስህተት ነው። የሒሳብ መዝገብ፣ የአውቶካድ ፋይል፣ የሰው የሠርግ ቪዲዮ፤ ሲጻፍ ከተበላሸ መበላሸቱ የሚታወቀው ደንበኛው ፊት ሲከፈት ነው። ስለዚህ ሲኒቤንችን በተከታታይ አስኬዱ፣ ፕራይም95ን ቢያንስ አንድ ሰዓት፣ ከተቻለ አንድ ሌሊት። የራሙን ኤክስኤምፒ (ራሙን ከመደበኛው በላይ የሚያፈጥነውን ማስተካከያ) ለጊዜው አጥፉት፤ አለበለዚያ ማሽኑ ሲወድቅ ጥፋቱ የራሙ ይሁን የፕሮሰሰሩ አታውቁም። መብራት ድንገት ስለሚሄድ ዩፒኤስ ይኑራችሁ። ስታቢላይዘር ቮልቴጅ ያስተካክላል እንጂ መብራት ሲጠፋ አያቆያችሁም። ባዮስ እያሻሻላችሁ መብራት ከሄደ ደግሞ ቦርዱ ላይነሳ ይችላል።

«በግማሽ ይቀንሳል» ስለሚለው ብዙ አልልም። 4.3ን ወደ 4.8 ያደረሰ ሰው የ60 ደቂቃ ኤክስፖርቱ በጥሩ ቀን 54 ደቂቃ ይሆንለታል። ኤክስፖርት ለሚያሰቃየው ሰው መጀመሪያ ሌላ መንገድ አለ። ራሙ አንድ ብቻ ከሆነ ጥንድ አድርጎ ዱዋል ቻናል ማስኬድ፣ ፋይሎቹን ከሃርድ ዲስክ ወደ ኤስኤስዲ ማዞር፣ ፕሮግራሙ በግራፊክስ ካርዱ እንዲያቀናብር ማድረግ። ቮልቴጁን ወደ ታች መውሰድም አለ። ያንኑ 4.3 በ1.20 ፈንታ በ1.10 ማስኬድ የሚችል ቺፕ ከደረሳችሁ ሙቀቱ በ16 በመቶ ይቀንሳል፣ ፍጥነቱ እንዳለ ነው፣ ፋኑም ዝም ይላል። እሱም ግን ይፈተናል፤ ቮልቴጅ ሲያንስም ስህተት ይመጣልና።

የመጨረሻው የባትሪው ነገር ነው። ባዮሱ ውስጥ ማሽኑ የማይችለውን ቁጥር አስገብታችሁ አልነሳም ካለ፣ ባትሪውን መንቀል በእርግጥ ይሠራል። ጸሐፊው እዚህ ላይ ትክክል ናቸው። ግን በቮልቴጅ የተጎዳን ቺፕ አይመልስም። አሠራሩም ቅደም ተከተል አለው። የመብራት ገመዱን ንቀሉ፣ የቀረው ኤሌክትሪክ እንዲወጣ ማብሪያውን ጥቂት ሰከንድ ተጭናችሁ ያዙ፣ ከዚያ ሲአር2032 የሚል የተጻፈባትን ክብ ባትሪ አውጥታችሁ ጥቂት ደቂቃ አቆዩ። ባትሪው ሲወጣ የጠፋው ኦቨርክሎኩ ብቻ አይደለም። የፋኑ አሠራር፣ የራሙ ኤክስኤምፒ፣ የዲስኩ አሠራርም ወደ ፋብሪካው ይመለሳል። ዲስኩ ቀድሞ ሬይድ በሚባለው አሠራር ላይ ከነበረና አሁን ኤኤችሲአይ ወደሚባለው ከተቀየረ ዊንዶውስ አይነሳም፤ ሰውም ዲስኩ ሞተ ብሎ ይደነግጣል። ቢትሎከር (ዲስኩን በምስጢር ቁልፍ የሚዘጋው የዊንዶውስ አሠራር) የበራበት ማሽን ደግሞ የመክፈቻውን ረጅም ቁጥር ሊጠይቃችሁ ይችላል። ስለዚህ ምንም ነገር ከመንካታችሁ በፊት የባዮሱን ገጾች አንድ በአንድ በስልካችሁ ፎቶ አንሱ፤ የቢትሎከሩንም ቁጥር ከማሽኑ ውጭ፣ ወረቀት ላይ ጽፋችሁ አስቀምጡ።